ሙሉው የት ይኖራል?

አንድ ሙሉ ነገር ከክፍሎቹ የተለየ የራሱ ህልውና አለው? ወይስ ሙሉ የምንለው ክፍሎቹ አንድ ላይ ሲቆሙ የምንሰጣቸው ስም ብቻ ነው? አርስቶትል «ሜታፊዚክስ» በተባለው ሥራው ሙሉው ከክፍሎቹ ሌላ የሆነ ነገር አለው ብሎ ተከራክሯል፤ ከእርሱ ወዲህ የመጡ ፈላስፎችም ጥያቄውን ሲያነሱና ሲጥሉ ኖረዋል። በመጻሕፍት ገጽ ላይ ብቻ ለሚያገኘው ሰው ጉዳዩ የማንንም ኑሮ የማይነካ የሊቃውንት ሙግት ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ይህን ጥያቄ በየቀኑ በሥራቸው የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ መልሳቸው ሲሳሳት ሰው ይሞታል። ድልድይና ሕንፃ የሚያሰሉ መሐንዲሶች ማለቴ ነው። እነርሱ ጥያቄውን በዚህ ስሙ አይጠሩትም፤ ነገር ግን ስሌታቸውን ለሁለት የከፈሉበት መንገድ ራሱ ስለ ሙሉና ስለ ክፍል የተሰጠ አንድ የፍልስፍና መልስ ነው፤ መልሱም ሊመረመር ይገባዋል።

ከሁለቱ አንዱ የስትራክቸር ትንተና ይባላል። ሕንፃውን እንደ አንድ ነገር ይዞ፣ ጭነቱ በየትኛው ዓምድና በየትኛው ቢም በኩል፣ ስንት ስንት ሆኖ ወደ መሬት እንደሚወርድ ይጠይቃል። ሌላው የስትረስ ትንተና ነው። ከእነዚያ መካከል አንዱን ቢም ወይም አንዱን ዓምድ ነጥሎ ይወስድና የደረሰው ኃይል በውስጡ እንዴት እንደተሰራጨ፣ ብረቱ ወይም ኮንክሪቱ አቅሙ የሚፈተነው በየትኛዋ ነጥብ ላይ እንደሆነ ይመረምራል። በትምህርት ቤት ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ሙሉው ይሰላል፣ ከዚያ ክፍሉ። የፊተኛው ውጤት ለኋለኛው መነሻ ሆኖ ይሰጣል፤ ርክክቡ ሲያልቅ የፊተኛው አስሊ እጁን ታጥቦ ሊሄድ የሚችል ይመስላል። እኔ የምሟገተው ይህ ቅደም ተከተል ለሥራ የሚያመች ቢሆንም ስለ ነገሩ እውነት እንደማይናገር ነው። ሙሉውን የሚያሰላው ሳያውቀው ከክፍሉ ይበደራል፤ ክፍሉን የሚያሰላውም ከሙሉው። ሁለቱ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ደግሞ ሁለቱም ዘለውት የሚያልፉት ቦታ ነው። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ሰው ሊከፈል ይችላል፤ ተጠያቂነቱ ግን አይከፈልም።

ከሙሉው ልጀምር። 600 ኒውተን የሚመዝን ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጧል እንበል። በርጩማው ባለ ሦስት እግር ከሆነና ሰውየው መሐል ላይ ከተቀመጠ እያንዳንዱ እግር 200 ኒውተን ይሸከማል። ይህን ለማወቅ እግሩ ከዋንዛ ይሁን ከብረት፣ ወለሉ ሊሾ ይሁን አፈር መጠየቅ አያሻም፤ በርጩማው ሚዛኑን ጠብቆ መቆሙ ይበቃል። አሁን አራተኛ እግር እንጨምርለት። ማንም ሰው ቢጠየቅ እያንዳንዱ እግር 150 ኒውተን ይደርሰዋል ይላል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኤድመንድ ሃምብሊ ግን ነገሩን ሲያጤነው ሌላ ነገር አገኘ። አንዱ እግር ከሌሎቹ በጥቂቱ ካጠረ መሬት አይነካም፤ እርሱ ካልተሸከመ ደግሞ በሰያፍ ፊት ለፊቱ የቆመው እግርም ሚዛን ስለማይፈቅድለት ምንም አይሸከምም። 600ው ኒውተን በቀሩት ሁለት እግሮች ላይ ያርፋል፤ ለእያንዳንዳቸው 300። እንግዲህ ለበርጩማው ደጋፊ ሲጨመርለት እያንዳንዱ ደጋፊ ከበፊቱ ጠንክሮ መሠራት አለበት ማለት ነው። ይህ ለማደናገር የተፈጠረ እንቆቅልሽ እንዳይመስለን። ዛሬ የምንገባባቸው ሕንፃዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሦስት በላይ እግር አላቸው፤ በእያንዳንዱ ዓምድ ላይ በእርግጥ ስንት ኪሎ እንዳረፈ ሚዛን ብቻውን አይነግረንም። የዓምዱን ግትርነት፣ የአፈሩን መስመጥ፣ የመጋጠሚያውን ልልነት፣ የብረቱን ባሕርይ መጠየቅ ግድ ይላል። እነዚህ ሁሉ የክፍሉ ጠባዮች ናቸው። ሙሉው ቀድሞ ይታወቃል፣ ክፍሉ ይከተላል የሚለው ሥርዓት ገና ከመነሻው የተሰበረው እዚህ ላይ ነው።

ክፍሉም ከዚህ ያላነሰ ባለዕዳ ነው። ስትረስ የሚለው ሐሳብ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የመጣው ከፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦጉስተን ሉዊ ኮሺ ሲሆን፣ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1822 ነበር። ኮሺ እንዲህ አለ፦ በጠጣሩ አካል ውስጥ በሐሳብ አንድ ቁርጥ እናብጅ፤ ከቁርጡ ወዲህ ያለው ወዲያ ያለውን በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋው ወይም እንደሚስበው እንጠይቅ፤ ኃይሉን ለቁርጡ ስፋት እናካፍል፤ ከዚያ ስፋቱን እያሳነስን ወደ አንዲት ነጥብ እንጠጋ። ነጥቧ ስፋት የላትም። እውነተኛው ብረት ደግሞ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ወጥ አካል ሳይሆን የቅንጣቶች ክምችት ነው። ስትረስን በዓይኑ ያየ፣ በእጁ የዳሰሰ የለም፤ መሣሪያ የሚለካው ብረቱ ምን ያህል እንደተሳበ ወይም እንደተጨመቀ ነው፤ ስትረሱ ከዚያ በስሌት ይገኛል። በሐሳብ የተቆረጠው ግማሽ አካል ለምን እንደማይበር፣ ለምን እንደማይወድቅ ካልተጠየቀ ቁርጡ ላይ ስላለው ኃይል የሚባል ነገር የለም። የጥያቄው መልስ ሚዛን ነው፤ ሚዛን ደግሞ የሙሉው ነው። በነጥቧ ውስጥ ሙሉው አስቀድሞ ገብቶ ተቀምጧል።

ክፍል የምንለው ራሱም በአብዛኛው የኛ አከፋፈል ነው። የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ያየ ሰው ግድግዳውን፣ ምሰሶውን፣ ቅስቱን በስም እየለየ ይጠራል። ቤተ መቅደሱ ግን ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ነው፤ ምሰሶው አልቆ ቅስቱ የሚጀምርበት መስመር በዐለቱ ውስጥ የለም። ኃይሉ ስማችንን ሳይጠብቅ በድንጋዩ ውስጥ ያልፋል። ከቁርጥራጭ ብረትና ከኮንክሪት ስንሠራ ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ መስመሮቹ እውነተኞች ይሆናሉ፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይም አንድ ነገር ከሌላው ጋር መያያዝ አለበት። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ብልቶች የጻፈውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ለኤፌሶንና ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው ውስጥ ግን አካሉ በምን እንደተያያዘም ይናገራል፤ ስለ ጅማትና ስለ ማሰሪያ። ሰባኪዎች ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ ከፊተኛው ባነሰ ጊዜ ያነሱታል። ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ቁልፉ እርሱ ነው። ብልቶች ሁሉ ጤነኞች ሆነው ማሰሪያው ቢላላ ሙሉ የሚባል ነገር አይኖርም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ላይ የሚሲሲፒን ወንዝ ይሻገር የነበረው የአይ-35 ደብሊው አውራ ጎዳና ድልድይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2007፣ መንገዱ ከሥራ በሚመለሱ መኪኖች በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ ወደቀ። 13 ሰዎች ሞቱ፤ 145 ቆሰሉ። ድልድዩ ትረስ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ቀጥ ያሉ ብረቶች በሦስት ማዕዘን እየተያያዙ የሚሠሩት። ትረስን ለማስላት ከጥንት ጀምሮ የሚረዳው ብልኃት ብረቶቹ የሚገናኙበትን ቦታ ስፋት እንደሌላት ነጥብ መቁጠር ነው። በወረቀቱ ላይ አምስት መስመሮች ይመጡና አንዲት ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ በድልድዩ ላይ ግን በዚያች ነጥብ ፋንታ አምስቱን ብረቶች ከግራና ከቀኝ አቅፈው የያዙ፣ በሪቬት የተመቱ ሁለት ሰፋፊ ላሜራዎች አሉ። ዩ-10 የሚል መለያ በነበረው መጋጠሚያ ላይ የላሜራዎቹ ውፍረት ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 13 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መሆን ከሚገባቸው ውፍረት ግማሽ ገደማ ብቻ እንደነበሩ ደረሰበት። ስህተቱ ድልድዩ በ1967 ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ከንድፉ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ላይ ኮንክሪት ተጨምሯል፤ በወደቀበት ቀንም ለጥገና የመጣ አሸዋ፣ ጠጠርና መሣሪያ ከዚያው መጋጠሚያ አቅራቢያ ተከምሮ ነበር። በ1999ና በ2003 የተነሱ ፎቶግራፎች ላሜራዎቹ ጎብጠው ያሳያሉ። የድልድዩ የመሸከም አቅም በየጊዜው ሲሰላ ግን ላሜራዎቹ በስሌቱ ውስጥ አልነበሩም፤ መጋጠሚያ ከሚያጋጥማቸው ብረቶች ይልቅ ጠንካራ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና። ለአርባ ዓመት ያህል የቆመው ድልድይ የወደቀው ለማሰብ እንዲመች ተብሎ በተሰረዘው ቦታ ላይ ነው።

አንድ ባለሙያ እዚህ ላይ ያቋርጠኝና የሚከተለውን ይል ይሆናል፦ የሥራ ክፍፍሉ እኮ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ሌላው ፈረንሳዊ ሴንት ቬናንት እ.ኤ.አ. በ1855 እንዳስረዳው ጭነት በአንድ ብረት ጫፍ ላይ በምን ዓይነት አኳኋን ቢያርፍ፣ ጠቅላላ መጠኑ እስካልተለወጠ ድረስ፣ ከጫፉ ራቅ ባለው የብረቱ ክፍል ውስጥ ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ሙሉውን የሚያሰላው ሰው የመጋጠሚያውን ዝርዝር ባያውቅም አይሳሳትም። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ያለዚህ መርሕ አንድም ሕንፃ አስልቶ መጨረስ አይቻልም ነበር። ግን የሚለውን በደንብ እንስማው። ዋስትና የሚሰጠው ከመጋጠሚያው ለራቀው ቦታ ነው። መጋጠሚያው ላይ፣ ከጫፉ አጠገብ፣ ኃይሉ እንዴት እንደሚተላለፍ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ትክክለኛ ነው። ጥፋቱ የመርሑ ሳይሆን ዝምታውን እንደ ማረጋገጫ የወሰደው ሰው ነው።

የዚህን ዝምታ ዋጋ ከካንሳስ ሲቲው የሃያት ሪጀንሲ ሆቴል በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም። በሆቴሉ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያው በብረት ዘንግ የተንጠለጠሉ መተላለፊያ ድልድዮች ነበሩ፤ የአራተኛው ፎቅ ድልድይ ከላይ፣ የሁለተኛው ፎቅ ከሥሩ። በመጀመሪያው ንድፍ እያንዳንዱ ዘንግ ከጣሪያው ተነስቶ በአራተኛው ፎቅ ቢም ውስጥ አልፎ እስከ ሁለተኛው የሚወርድ አንድ ወጥ ብረት ነበር። እንዲህ ያለውን ረጅም ዘንግ ጥርስ አውጥቶ ዳዶውን እስከ መሐሉ ማጥበቅ ለሥራ አስቸጋሪ ስለነበር ለሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ዘንግ ከጣሪያው እስከ አራተኛው ፎቅ ቢም፣ ሁለተኛው ከዚያው ቢም እስከ ሁለተኛው ፎቅ። ለውጡን ከሙሉው ወገን ሆነን ስናየው ምንም አልተለወጠም፤ ጣሪያው የሚሸከመው ያው ሁለት ድልድይ ነው፤ የላይኛው ዘንግም የሚስበው ኃይል ያው ነው። በአራተኛው ፎቅ ቢም ሥር ያለችውን ዳዶ ስናይ ግን ቀድሞ አንድ ድልድይ ብቻ ትደግፍ የነበረችው አሁን ሁለቱንም ትደግፋለች። ጭነቷ በእጥፍ አደገ። ዳዶዋ የተቀመጠችው ደግሞ ሁለት የሲ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ፊት ለፊት በተበየዱበት ስፌት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 አዳራሹ ለዳንስ በመጡ ሰዎች ተሞልቶ ሳለ ዳዶዋ ብየዳውን ቀድዳ ወጣች፤ 114 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው የተሠራው መጋጠሚያ የከተማው ሕግ ከሚጠይቀው አቅም 30 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበረው፣ የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ ቢሠራ እንኳ 60 በመቶ ያህል ብቻ እንደሚኖረው አሳየ። መሐንዲሶቹ መጋጠሚያውን ማስላት የብረት ሠሪው ድርሻ ነው አሉ፤ ብረት ሠሪው ደግሞ ፕላኑ ላይ የመሐንዲስ ማኅተም አለበት አለ። ሁለት አስሊዎች በአንድ ስፌት ላይ ተገናኝተው እያንዳንዳቸው ሌላው አይቶታል ብለው አለፉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። የካምብሪጁ ዣክ ሄይማን በጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃዎች ላይ በሠራቸው ጥናቶች፣ በሕንፃ ውስጥ ያለውን ትክክለኛ የኃይል ስርጭት ማወቅ እንደማይቻልና እንደማያስፈልግም አስተምሯል። አንድ የሚያስማማ ስርጭት፣ ሚዛን የሚጠብቅና የትም ቦታ ከቁሱ አቅም የማያልፍ ስርጭት፣ በወረቀት ላይ ካገኘን ሕንፃው ራሱ ቢያንስ ያንን ያህል ብልኅ ነው፤ መንገዱን ያገኛል። በዚህ አስተያየት ባለ አራት እግሩ በርጩማም መፍትሔ አለው፤ ሁለቱ እግሮች ከአቅማቸው በላይ ሲጫኑ ሳይሰበሩ ጥቂት ከተጨመቁ በርጩማው ዝቅ ይልና የቀሩት ሁለቱ መሬት ይረግጣሉ፤ ጭነቱም ለአራቱ ይዳረሳል። በዚህ ትምህርት ላይ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ ሰውን ከከንቱ የትክክለኛነት ትምክሕት ያድናልና። ነገር ግን ቁልፉ ቃል «ሳይሰበሩ» የሚለው ነው። ሙሉው ይቅር ሊል የሚችለው ክፍሉ መሸነፍ ሲያውቅበት ብቻ ነው፤ ቁሱ ተሰባሪ ከሆነ ወይም ቀጭን ሆኖ የሚታጠፍ ከሆነ ይቅርታ የለም። ያ ደግሞ የነጥቧ ጉዳይ ነው፤ በሙሉው ስሌት ውስጥ አይገኝም።

መሸነፍም ራሱ ያታልላል። በዓለም የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት የነበረው ኮሜት እ.ኤ.አ. በ1954 በሦስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ሳለ ተበታትኖ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። አምራቹ ሳይፈትነው ቀርቶ አልነበረም። የአውሮፕላኑን ገላ አንድ ክፍል መጀመሪያ በበረራ ላይ ከሚደርስበት የአየር ግፊት እጥፍ በሚሆን ግፊት ነፍቶታል፤ ከዚያ ያንኑ ክፍል ከ15 ሺህ ጊዜ በላይ እየነፋና እያስተነፈሰ ለድካም ፈትኖታል፤ ክፍሉም ችሏል። የኋላው ምርመራ ግን አንድ ነገር ገለጠ። የመጀመሪያው ከባድ ግፊት በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ክልል እንድትሸነፍ አድርጎ ነበር፤ ግፊቱ ሲለቀቅ በዙሪያዋ ያለው ብረት መልሶ ጨመቃት፤ የተጨመቀ ብረት ደግሞ ስንጥቅ ለመጀመር ይዘገያል። ፈተናው የተፈተነውን ክፍል አጠንክሮት ነበር፤ መንገደኞችን ይዘው የሚበሩት ግን ይህ ማጠንከሪያ አልደረሳቸውም። ሙሉውን መፈተን ስለ ሙሉው እውነት ተናገረ፤ ስለ ማዕዘኗ ግን ዋሸ።

ዛሬ ይህ ሁሉ በኮምፒውተር አልቋል የሚሉም አሉ። ሙሉው ሕንፃ ወደ ሺህ ትናንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ በአንድ ጊዜ ስለሚሰላ ሁለቱ ትንተናዎች አንድ ሆነዋል ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ይሁንና ወደ ውስጥ የገባ ሹል ማዕዘን ያለበትን ሞዴል ለኮምፒውተሩ የሰጠ ሰው የሚያየው ነገር አለ፤ ቁርጥራጮቹን ባሳነሰ ቁጥር ማዕዘኑ ላይ ያለው ስትረስ ማብቂያ ሳይኖረው ይጨምራል። ማሽኑ ይህ የሒሳቡ ጠባይ ይሁን የብረቱ አደጋ አይለይም፤ መለየት ያለበት ሰው ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ማዕዘኑ፣ ላሜራው፣ ዳዶው በሞዴሉ ውስጥ ይግባ ወይስ በነጥብ ይተካ የሚለውን የሚወስንም ሰው ነው። የሚኒያፖሊስ ላሜራዎች በዝርዝር የኮምፒውተር ሞዴል ተሰልተዋል፤ ድልድዩ ከወደቀ በኋላ፣ መርማሪዎቹ የት ማየት እንዳለባቸው ካወቁ በኋላ።

የመጨረሻው ተቃውሞ የፍትሕ ነው። ሁሉም ለሁሉም ነገር ተጠያቂ ከሆነ ማንም ተጠያቂ አይሆንም፤ ለአንድ ሰው ከአቅሙ በላይ ሸክም መጫንም ግፍ ነው። ይህን እቀበላለሁ። ሁሉም ሁሉን ያስላ ማለቴም አይደለም። የምለው ጠባብ ነው፤ ሥራ በተከፈለበት በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም አይቻለሁ ብሎ የሚፈርም አንድ ሰው ይኑር። የሃያት ጉዳይ የመጨረሻ ፍርዱ ይኸው ነበር። ኃላፊነቱ የብረት ሠሪው ነው የሚለው መከራከሪያ ተቀባይነት አላገኘም፤ የመጋጠሚያው ደኅንነት ፕላኑ ላይ ማኅተሙን ካሳረፈው መሐንዲስ ትከሻ አይወርድም ተባለ፤ ሁለት መሐንዲሶችም በሚዙሪ ግዛት የሥራ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል፤ ለበቀል ሳይሆን ሙሉው የሚኖርበትን ቦታ በትክክል ስላመለከተ። ሙሉው ከክፍሎቹ በላይ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም፤ ክፍሎቹን በመደርደርም አይገኝም። ያለው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው፤ እዚያ ያልጠበቀው ሰው ሙሉውን አልጠበቀም።

አንባቢዬ ቤት ታሠራ ወይም ፎቅ ታስገነባ ይሆናል። የዓምዱን ውፍረትና የሲሚንቶውን ዓይነት ስትጠይቅ አንድ ጥያቄ ጨምር፦ ቢሙና ዓምዱ በሚገናኙበት፣ ፌሮው በተጨናነቀበትና ስታፋ፣ ማለትም ፌሮውን የሚያቅፈውን ቀለበት፣ ማስገባት አሠሪውንም ሠራተኛውንም በሚያሰለችበት በዚያ ክልል ውስጥ፣ ስታፋው በፕላኑ መሠረት መግባቱን ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት አይቶ የሚፈርመው ማን ነው? መልሱ የአንድ ሰው ስም ካልሆነ ኮንክሪቱን አታስሞላ።